ዲያቆኑ ልጆቹን አልጣለም

ባለፉት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። የሚያወራው ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የገጠር ዲያቆን ነው፤ በተለይ ሚስቱ ሞታበት ልጆች ታቅፎ ስለቀረው። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ብዙ ሰው ተቀብሎ ያጋራውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አንብቤው ሁለቱንም ጊዜ ደሜ ፈላ። ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ጸሐፊው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። የዚያ ዘመን ዲያቆን ትንሽ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ልጆች ያሳደገ ዲያቆን የሚባለው ኋላ የመጣ ተረት ነው። ቢኖርም እንኳ ግዕዙን በቃሉ ያነበንባል እንጂ ማንበብ አይችልም ነበር። ሳያርስ ከገበሬው ላብ ይበላ ነበር። ሚስቱ ስትሞት ልጆቹን ለዘመድ በትኖ ገዳም ገባ፣ ቆብ ደፋ፣ ለነፍሱ ብቻ አሰበ። ገዳም ያልገባው ደግሞ ደብተራ ሆነና በክታብና በጥንቆላ ገንዘብ ለቀመ። ያለውን አላጣመምኩበትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውና አራተኛው ሐሳብ አብረው አይቆሙም። ዲያቆን ሁሉ ልጅ ከነበረ ልጆቹን የበተነው ማን ነው? አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ግን የመጀመሪያው ሐሳብ እውነት አለው፤ አብዛኛው ዲያቆን ልጅ ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ግብረ ዲቁና የተማረ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መቅደስ ገብቶ ያገለግላል። ዛሬም ገጠር ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ጸሐፊው የረሳው ግን ያ ልጅ ማደጉን ነው። ቄስ ለመሆን ጳጳስ ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን በመላው አገሪቱ ክህነት የሚሰጠው አንድ ጳጳስ ነበር፤ እሱም ከግብፅ፣ ከእስክንድርያው መንበር ተልኮ የሚመጣ። ሲሞት ሌላ እስኪላክ ዓመታት ያልፋሉ። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አቡነ ሰላማ እስኪመጡ አሥር ዓመት ያህል መንበሩ ባዶ ነበር። አቡነ ሰላማ የመጡት በ1841 ነው (ዘመኖቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እሳቸው በ1867 መቅደላ ላይ በእስር እንዳሉ አረፉ። አቡነ አትናቴዎስ በ1876 ሲያርፉ ደግሞ እስከ 1881 ድረስ ጳጳስ አልነበረም። በ1881 አራት ጳጳሳት አንድ ላይ መጡ፤ ጎጃም የራሱን ጳጳስ፣ አቡነ ሉቃስን፣ ያገኘው ያኔ ነው።

እስቲ አስቡት። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በአቡነ ቄርሎስ እጅ ዲቁና የተቀበለ ልጅ አቡነ ሰላማ ሲመጡ ሃያውን አልፏል። በዚህ መሃል በቁርባን አግብቷል። ወልዷል። ምናልባትም ሚስቱን ቀብሯል። ጳጳስ ቢኖርም ያለው ጎንደር ወይም ንጉሡ ከሰፈረበት ነው፤ ስንቅ ቋጥሮ ብዙ ቀን በእግር መሄድ ይጠይቃል። እርሻውን ለማን ጥሎ ይሄዳል? ጢሙ ሸብቶ «ዲያቆን እገሌ» እየተባለ የሚጠራ ሰው በየደብሩ የነበረው እንዲህ ነው። በልጅነቱ የተሰጠው ማዕረግ ሰውየው አባት ከሆነ በኋላም አብሮት ቆየ።

ንባቡ ላይ ደግሞ ግማሽ መንገድ ከጸሐፊው ጋር እሄዳለሁ። ዳዊት የደገመ ልጅ የሚያነበውን ግዕዝ ሁሉ ይረዳ ነበር ማለት አይቻልም። የግዕዙ ሰዋስው የሚገባው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው፤ ቅኔ ቤት ደግሞ ሁሉም አይዘልቅም። ለዚያ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ወዳሉበት፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ መውረድ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ መለመን፣ ከውሻ ጋር መታገል አለ። መሃል ላይ የተመለሰው ይበዛል። ይሄን እቀበላለሁ።

ማንበብ አይችልም የሚለውን ግን አልቀበልም። ቅዳሴ ላይ የጳውሎስን መልእክት የሚያነበው ዲያቆኑ ነው። ቀጥሎ ያለውን የሐዋርያት መልእክት ደግሞ ረዳቱ፣ ንፍቅ ዲያቆኑ። ምንባቡ በየቀኑ ይለያያል። ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል ካልን ከማንበብ የባሰ ተአምር ነው የምናወራው። ፊደሉን ካወቀ ደግሞ አማርኛውንም ያነባል። በመንደሩ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ሲኖር ወደ ማን ነበር የሚኬደው? ኑዛዜ ሲጻፍ፣ የመሬት ነገር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ሲሰፍር ብዕሩን የሚይዘው ማን ነበር? የአጼ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብ የዚሁ ትምህርት ልጅ ናቸው። ቴዎድሮስም ካሣ በነበሩ ጊዜ ፊደል የቆጠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረማ!

ወደ መሬቱ ልምጣ። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ዘመን ብዙ መሬት ነበራት፤ ይህን የሚክድ የለም። የታላላቅ አድባራት አለቆች ትልቅ ጉልት ይበሉ ነበር። ገበሬውም ከብዶት ነበር። ጸሐፊው አጼ ቴዎድሮስን ማንሳቱ ልክ ነው፤ ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገባሩ ይሰጥ ብለው ከካህናቱ ጋር ተጣልተዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ «የቀሩት ሁሉ ትርፍ ነበሩ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ።

አምስት ሰው አንድ ቅዳሴ ለመቀደስ የሚያስፈልገው ትንሹ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ለአንድ ቅዳሴ እንጂ ለዓመት አይደለም። አገልጋይ በሰሞን ነው የሚገባው። ሰሞነኛው በሳምንቱ ከሚስቱ ይለያል፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ይቀድሳል። ሌላው ሳምንት የሌላ ተረኛ ነው። ያ ባይሆን አምስቱ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ከቤታቸውም ከእርሻቸውም ተለይተው ይቀሩ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ቢታመም ደግሞ ቅዳሴው ይታጎላል።

ገጠር ያለው ዲያቆን ያርስ ነበር። ሰሞን መሬት የሚባለው አገልግሎት የተጫነበት መሬት ነው፤ የያዘው ሰው ወይ ራሱ ያገለግላል ወይ በምትኩ ሰው ያቆማል። ዲያቆኑ በድርሻው ላይ ራሱ ሞፈር ይይዛል፤ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ወገን የደረሰው ርስት ካለም እሱንም ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ካለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ጎረቤቱ ገባር ነው፤ አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ያጭዳሉ። እሑድ ሲሆን አንዱ ከመቅደስ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከውጭ። ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። ከ1888 ጀምሮ ከብቱ በበሽታ ሲያልቅ፣ እስከ 1892 ድረስ ክፉ ቀን ሲሆን፣ በሽታው የዲያቆኑን በሬ አልማረለትም። እሱም እንደሌላው በመቆፈሪያ ሲቆፍር ከረመ። ከገበሬው ላብ በላ ሲባል እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ራሱ ገበሬ አልነበረም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው። ልጆቹን በተነ ወደሚለው።

የቤተ ክርስቲያኑ የሕግ መጽሐፍ፣ ፍትሐ ነገሥቱ፣ ግልጽ ነው። ዲያቆን የአንዲት ሚስት ባል ነው፤ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የጻፈለት ይህንኑ ነው፣ ልጆቹንና ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር ይሁን ከሚለው ጋር። ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ ቢያገባ ዲቁናው ይፈርሳል። «አፈረሰ» ይባላል። መቅደስ አይገባም፣ መስቀል አይዝም፣ «ተንሥኡ» አይልም። ጎረቤቱ ገባር ግን ሚስቱ ብትሞትበት ዓመት ሳይሞላ በሰማንያ ቢያገባ ማንም ምንም አይለውም።

ጸሐፊው ይህን ሕግ ጠቅሷል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ አላየውም። በዚያ ዘመን ገጠር ውስጥ ሚስት ሞተች ማለት ወፍጮው ቆመ ማለት ነው። በየቀኑ እህሉ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ በመጅ ይፈጫል። ይሄ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ወፍጮ ላይ ታየ ከተባለ መንደሩ ይሳለቅበታል። ውሃ መቅዳቱም እንዲሁ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ የምታጠባ ጎረቤት መለመን አለበት። በላዩ ላይ የሰሞኑ ሳምንት ይመጣል። ሌሊት ማኅሌቱ ቆሟል፣ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ የጾም ቀን ከሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ አፉን ሳይፈታ ቆሞ ይውላል። ልጆቹ ግን አይጾሙም። እነሱን ጠዋት ማን ያበላል? ሌሊትስ ከእነሱ ጋር ማን ያድራል? ገባሩ ይህ ሁሉ ሳምንት የለበትም።

እናቱ የሞተችበትም ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ዲያቆኑ ቤት ውስጥ ያለው ግን ወንዝ የወረደች እናት የምትመለስበት ልቅሶ አይደለም።

ልጆቹ ለአያት ወይም ለአክስት የተሰጡት ለዚህ ነው። ጸሐፊው «በትኗቸው» ይላል። እናትና አባት በሕይወት ባሉበት ቤት እንኳ የበኩር ልጅ አያቱ ዘንድ ያድግ አልነበረም? ወንዱ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ተማሪ ሆኖ አገር አቋርጦ ይሄድ አልነበረም? ከሁለቱም ወላጅ ጋር የሚኖር ልጅ ሲሄድ «ለትምህርት ሄደ» ይባላል። እናቱ የሞተችበት ሲሄድ ግን ጸሐፊው «አባቱ ጣለው» ይላል። ያው ልማድ ነው፤ ስሙን የቀየረው ጸሐፊው ነው።

የመነኮሱ የሉም አልልም። ነበሩ። ልጆቹን ለዘመድ ሰጥቶ ዋልድባ የገባ አባት መኖሩን አልክድም፣ ያ ልጅ ምን እንደተሰማውም መገመት ይከብደኛል። በዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሳው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ግን መመንኮስ ሁሌም ገዳም መግባት አይደለም። ቆብ ደፍቶ እዚያው መንደሩ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቀረ ብዙ ነው። ልጁ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያገኘዋል።

ደግሞ ሳይመነኩስም ሳያገባም የቀረ አለ። ስለ እሱ ጽሑፉ ምንም አይልም። ብቻውን፣ ከዲቁናው ጋር፣ ከልጆቹ ጋር። ለእሱ አንድ ነገር ይረዳው ነበር ብዬ አስባለሁ። ለቁርባን የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግረው ዲያቆን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኅብስቱ በሚጋገርበት ቤት፣ ቤተ ልሔም ውስጥ፣ ዱቄት አቡክቷል፣ እሳት አንድዷል፣ ዘቢብ አጥቦ ጨምቋል። እጁ ሊጥ ያውቃል። በመንደሩ ሊጥ የሚያውቅ ወንድ እሱ ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአያቴ ነው። የእሷ አያት ዲያቆን ነበሩ፣ ጎጃም፣ ከአቡነ ሉቃስ እጅ የተቀበሉ። በክፉው ቀን ሚስታቸው ሞተችባቸው። ሦስት ልጆች ቀሩ፤ ትንሹ ጡት አልጣለም ነበር። አንዲት ጎረቤት ከራሷ ልጅ ጋር አጠባችው። እህሉን፣ ያውም በተገኘ ጊዜ፣ እናታቸው ይፈጩ ነበር፤ አሮጊት ናቸው፣ መጁን በሁለት እጅ እየገፉ። መጋገሩን ግን ዲያቆኑ ራሳቸው ያዙት። አያቴ ስትነግረኝ እጇን እያሳየችኝ ነበር፤ «በጨለማ ነበር የሚጋግሩት፣ ጭሱን ሰው እንዳያይባቸው ገና ሳይነጋ» ትለኛለች። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በሦስተኛው እናታቸው ሞቱ። አሁን የሚፈጭ የለም። ትልቋ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ አገኟት፣ ጉልበቷ ደምቶ። በዚያው ዓመት ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት በሰማንያ አገቡ። እሷም ልጅ ነበራት።

ለልጆቹ ብለው ነው ዲቁናቸውን ያፈረሱት። ጸሐፊው «ለነፍሱ ብቻ አሰበ» ያለው እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ጭምር ነው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የተማሩለትን፣ የተለመነለትን ነገር ሰጡ። ለልጅ ብሎ ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል?

በመጨረሻ ስለ ደብተራው። ክታብ የጻፈ፣ አስማት የደገመ ደብተራ ነበር፤ በአገራችን ስሙ የወጣው በከንቱ አይደለም። ይህን ለጸሐፊው እተውለታለሁ። ነገር ግን ደብተራ ማለት ከሁሉ በፊት ማኅሌት የሚቆም ሰው ነው። ድጓውን የሚያውቅ፣ መቋሚያ ይዞ፣ ጸናጽል እየመታ ሌሊቱን የሚያነጋ። ዲቁናው የፈረሰበት ዜማ የሚያውቅ ሰው ወዴት ይሂድ? ዕውቀቱ አልፈረሰ። ቤተ ክርስቲያኑም አላባረረውም፤ ቦታውን ቀየረለት እንጂ። የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። መሃሉ መቅደሱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ ከሁሉ ውጭ ቅኔ ማኅሌቱ። ከመቅደሱ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ዲያቆን የነበረው ሰው ከዚያ ወደዚህ ወጣ። ገንዘብ ፍለጋ ነው ማለት ግን የሚቻለው ውስጥ የነበረውን ለማያውቅ ብቻ ነው፤ የሰሞን መሬቱንም አብሮ ሊያጣ ይችላል፣ ወይ በእሱ ፈንታ የሚያገለግል ሰው ማቆም አለበት።

የአያቴ አያት ክታብ አልጻፉም። ማኅሌት ቆሙ። ጡት ሳይጥል እናቱ የሞተችበት ትንሹ ልጅ አደገና ዲያቆን ሆነ፤ የሰሞን መሬቱም በእሱ አገልግሎት ቤታቸው ቀረ። ያ ልጅ የአያቴ አባት ነው። ተረኛ ሲሆን ከመጋረጃው ውስጥ ሆኖ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል። አባቱ ከቅኔ ማኅሌቱ፣ በሩ ትይዩ ካለችው ምሰሶ አጠገብ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰሙታል። ልጁ የጳውሎሱን ሲያነብ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ቃል ከሳተም ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ መጽሐፉ ይከፈታል።